ሦስቱ የቡና እንጨት ባዶዎች

ሰው ሁሉ የሚያነበው ፊደሉን ነው። በቃልና በቃል መካከል ያለውን ነጭ ቦታ ዞር ብሎ የሚያየው የለም፤ ከዳምጤ ኤርጫፎ በቀር። ዳምጤ ጅማ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ፊደል ለቃሚ ሆኖ ሲሠራ፣ ከፊደሉ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳው ባዶው ነበር።

ይህን የምለው ሰውየውን ላካብደው ብዬ አይደለም። በዚያን ዘመን ኅትመት ባዶ ቦታ ማለት እንዲሁ የተተወ ቦታ አልነበረም። ባዶም ዕቃ ነው፤ በእጅ ይያዛል፣ ይሰበራል፣ ይጠፋል። ፊደሎቹ በብረት ክፈፍ ውስጥ ተሰልፈው ሲቆሙ፣ በየቃሉ መካከል ከፊደሉ አጠር ያለ የእርሳስ ብረት ወይም የእንጨት ቁራጭ ይገባል። አጭር ስለሆነ ቀለሙ አይደርስበትም፤ ቀለም ስላልደረሰበትም ወረቀቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሰፊ አለ፣ ጠባብ አለ፣ እንደ ምላጭ የሳሳም አለ። አንባቢ ነጩን ቦታ በነፃ የተገኘ ይመስለዋል።

ዳምጤ ከከምባታ ነው የመጣው። ሙያውን የተማረው ከሚስዮን ማተሚያ ቤት ነው፤ እዚያው ጌታን ተቀበለ፣ እዚያው ልያን አገባ። ጅማ ገብቶ አወቱ መንደራ አንድ ክፍል ተከራየና ሁለት ልጆች ወለደ። ሲዋሽ የሰማው የለም። ይህንንም ሰፈሩ እንደ ጤና ጉድለት ነበር የሚያይበት።

ማተሚያ ቤቷ ከተወረሰች ወዲህ ከአዲስ አበባ የሚመጣው እርሳስ ተቋረጠ። ለመፈክር የሚሆኑት ትልልቅ የእንጨት ፊደሎች ደግሞ ቃል የሚለያዩባቸው ሁለት ነጥቦች ተሰባብረው አልቀው ነበር። ስለዚህ በየቃሉ መካከል ባዶ ማስገባት ግድ ሆነ፤ ባዶውም የለም። ዳምጤ መላውን ያገኘው ከቡና ነው። ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው የቡ የሚኖር ጅብሪል የሚባል ገበሬ ያረጀ ቡናውን ሲጎነድል ግንዱን ያስቀምጥለታል። የቡና እንጨት ጠጣር ነው፣ ቶሎ አይሰነጠቅም፣ ሞረድ ሲያርፍበት እንደ አጥንት ይለሰልሳል። ዳምጤ ቆራርጦ ከልያ ምድጃ በላይ ይሰቅለውና ሦስት ወር ካከረመው በኋላ ባዶ አድርጎ ይሞርደዋል። አንድ ሕግ ነበረችው፦ ያልከረመ እንጨት ክፈፍ ውስጥ አይገባም። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ የተኮማተረ ባዶ ይላላል፤ የላላ ባዶ ማተሚያዋ በተንቀጠቀጠች ቁጥር ትንሽ ትንሽ ወደ ላይ ብቅ ይልና ከፊደሉ እኩል ቀለም ይጠጣል።

ማተሚያዋን በእግራቸው የሚረግጡት የጅሬኑ አባቦራ ነበሩ። ስድሳን ያለፉ ሰው ናቸው፤ እግራቸው ግን የሃያ ዓመት ጎረምሳ ያስንቃል። ዳምጤ የሰለፈውን ክፈፍ በሽብልቅ እየመቱ የሚቆልፉትም እሳቸው ናቸው። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ሲነታረኩ ይውላሉ።

“አንተ ጴንጤ፣ ሰው ፊደል ሲያሳምር አንተ ባዶ ታሳምራለህ” ይሉታል አባቦራ።

“ባዶው ካልተኛ ፊደሉ አይቆምልዎትም።”

“ወላሂ፣ ስትሞት መቃብርህን በሞረድ ልከህ ነው የምትገባው።”

በጳጉሜ 1969 ዓ.ም. ጓድ ታመነ መጣ። ጓድ ታመነ ከአብዮቱ በፊት የሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ አሁን ካድሬ ሆኗል። ለመስከረም ሁለት የአብዮት በዓል ስድስት መቶ ፖስተር ፈለገ፦ “አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት!” ያዘዘው ሐሙስ ነው፣ የሚፈልገው ለቅዳሜ ነው። የጊዜው ትእዛዝ እንደዚያ ነበር፤ ከትእዛዙ ጋር ሽጉጡም ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል።

ዳምጤ ትልልቆቹን ፊደሎች ሰለፈ። አምስት ቃል፣ በመካከላቸው አራት ባዶ። የከረመ ባዶ አንድ ብቻ ቀርቶታል። ከምድጃው በላይ የተሰቀለ ምንም የለም፤ ያለው ጅብሪል በዚያው ሳምንት የላከው ግንድ ነው፣ ቅርፊቱ ሲላጥ ጣት የሚያረጥብ። ዳምጤ ግንዱን እያገላበጠ ቆመ። አወቀው። አውቆም “ለሁለት ቀን ነው፣ ምን ይሆናል?” አለ። አገር የሚፈርሰው እኮ “ምን ይሆናል” በሚል ሰው ነው። ሦስቱን ከእርጥቡ ቆርጦ ሞረደና አስገባ።

ዓርብ አባቦራ ክፈፉን ቆልፈው ግማሹን አተሙ። ንጹሕ ወጣ። ዝናቡ አላባራ ስላለ ቀለሙ አልደርቅ አላቸው፤ ከሰል አቀጣጥለው ፖስተሮቹን በክፍሉ ዙሪያ ሰቀሉ። ክፈፉም እዚያው ሙቀቱ አጠገብ አደረ። ቅዳሜ ሌላውን ግማሽ ቀጠሉ። ወሩ ረመዳን ነው፤ አባቦራ በባዶ ሆዳቸው ከጠዋት ጀምረው ይረግጣሉ። መብራት ጠፍቷል፤ በዝናቡ ጨለማ የሚወጣው ወረቀት በቅጡ አይታያቸውም። የቀበሌ ወጣቶች በር ላይ ቆመው ወረቀቱ እንደወጣ ከነርጥበቱ እየጠቀለሉ ይወስዳሉ። ዳምጤ በጓሮ በኩል ለገበሬዎች ማኅበር የአባልነት ካርድ ፊደል ይለቅም ነበርና አንድም ፖስተር አላየም።

ያየው እሑድ ነው፤ በዘመን መለወጫ ጠዋት። ከአወቱ ድልድይ ወዲህ ያለ ግንብ ላይ ተለጥፏል። በቃላቱ መካከል ሦስት ጥቁር ምሰሶ ቆሟል፤ ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣ ከፊደሉ የበለጠ የጠቆረ። ነጭ መሆን የነበረበት ሁሉ ጥቁር ሆኗል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፤ ከተማው ሙሉ ይዞታል።

ዳምጤ ዘበኛውን አስከፍቶ ማተሚያ ቤት ገባ። ክፈፉ እንዳለ ነው። ሦስቱ ባዶዎች ከጎረቤቶቻቸው እኩል ቆመዋል፤ አናታቸው ቀለም ጠጥቷል። አንድ በአንድ በጣቱ ነቀላቸው። እንደ ላላ ጥርስ ወጡ። በጨርቅ ጠራረጋቸውና ኪሱ ከተታቸው። እጁ ነው ያደረገው፤ ፍርሃት እጅ አለው።

ከበሩ ሳይወጣ ዘይቡ፣ የአባቦራ ልጅ፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ እየሮጠች መጣች።

“ጋሼ ዳምጤ፣ አባዬን ወሰዱት! መስመሮቹ የጠላት ምልክት ናቸው አሉ። የቆለፈው ማነው ሲሉት እኔ ነኝ አላቸው። እርስዎ ያውቃሉ አይደል? ምንድን ነው የሆነው?”

ሦስቱ እንጨቶች ጭኑ ላይ ተሰሙት።

“እኔ እንጃ” አላት፣ ሲዋሽ የማያውቀው ሰው። “እኔ እንጃ፣ እህቴ። የማተሚያው ነገር ይሆናል።”

እሑድ እንዲህ አለፈ። ሰኞ በዓሉ ነበር። ዳምጤ ከቀበሌው ጋር ተሰልፎ ወጣ፣ ግራ እጁን አነሣ፣ “ይውደም!” ሲባል “ይውደም!” አለ። ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር። ለራሱ የሚነግረው ምክንያት አላጣም፤ ጸሎት ቤታቸው ታሽጓል፤ መዝሙር የሚመራው ወዳጁ ከሰኔ ጀምሮ የገባበት አልታወቀም፤ እሱ አንድ ቃል ከተነፈሰ “ጴንጤው አሻጥር ሠራ” ተብሎ ይዘጋል። አባቦራ ግን ሽማግሌ ናቸው፣ የአገሩ ሰው ናቸው፣ የሚያውቃቸው ብዙ ነው፤ ይለቋቸዋል። እንዲህ እያለ ሲያሰላ ዋለ። መጸለይም ሞከረ፤ “አባታችን” ካለ በኋላ የሚከተለው አልመጣለትም።

ሊመሽ ሲል ዘይቡ በደጃፉ አለፈች። ለአባቷ ማፍጠሪያ የያዘችው ሳህን እንደተሸፈነ እጇ ላይ አለ። አልቆመችም።

“መለሱልኝ” አለች ብቻ።

የዚያን ዓመት ሰው ይህን ቃል ማስተርጎም አያስፈልገውም። የእስረኛ ምግብ ሲመለስ በላተኛው የለም ማለት ነው፤ ቢያንስ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነበር። ዳምጤ በሩን ይዞ ቆመ። ልያ ከኋላው ሰምታለች። ከእራት በኋላ የሱሪውን ኪስ ገልብጣ ሦስቱን እንጨቶች ጠረጴዛው ላይ አኖረቻቸው፤ ካየቻቸው ቆይታለች ማለት ነው።

“ከዚያ ግንድ ናቸው አይደል?”

“ናቸው።”

“ሂድ አልልህም። ልጆች አሉን፣ እኔም እፈራለሁ። ቅርም አልልህም። ግን የዘይቡን እናት ከእንግዲህ በምን ዓይኔ ነው የማያት?”

ዳምጤ ያን ጊዜ አለቀሰ። ያለቀሰው ለአባቦራ ብቻ አይደለም፤ ለራሱም ነው፣ ስለፈራ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ጓድ ታመነ ቢሮ ገባ። ሦስቱን እንጨቶች ጠረጴዛው ላይ ደረደረ።

“ጓድ፣ መስመሮቹን ያመጡት እነዚህ ናቸው። የቆረጥኳቸው እኔ ነኝ። እርጥብ ነበሩ። አባቦራ ምንም የለባቸውም።”

ጓድ ታመነ ሦስት ሌሊት ያልተኛ ሰው ዓይን ነበረው። ከበላይ በስልክ እየጮኹበት ነው፤ እሱም ስም ካላመጣ የራሱ ስም ይሰጣል። አንዱን እንጨት አንሥቶ አሸተተው።

“ባዶ ናቸው ያልከው?”

“አዎ፣ ጓድ። የማይታተሙ።”

“የማይታተም ነገር ታተመ እያልከኝ ነው።” ወረቀት ስቦ ሦስት መስመር አሰመረ። “ሦስት ሰዓት? ሦስት ሰው? ወይስ በሦስተኛው ሳምንት? ይህን ሁሉ ስናሰላ ሰንብተን፣ አንተ የቡና እንጨት ይዘህ ትመጣለህ። እንጨት ማንም ይሞርዳል። ለምን እሑድ አላመጣኸውም?”

“ፈራሁ።”

“ዛሬስ?”

“ዛሬም ፈርቻለሁ።”

ካድሬው ወረቀቱን ገፋ። አስተማሪነቱ አልለቀቀውም መሰለኝ፣ “አረጋግጥ” አለ። “እንዳለ መልሰህ ሥራው። አርባ ወረቀት እሰጥሃለሁ፤ ከዚያ በላይ የለም። በአርባው ውስጥ ከወጣ የእንጨት ነገር ነው። ካልወጣ ሁለታችሁም አንድ ላይ ትጠየቃላችሁ። የቆለፈው ሽማግሌም ይምጣና እንደቆለፈ ይቆልፍ።”

አባቦራ በሕይወት ነበሩ። ዳምጤ “ተመስገን” ሊል አፉን ሲከፍት እግራቸውን አየ። ሁለት ሰው ደግፎ ከመኪናው አወረዳቸው፤ ጫማ የላቸውም፤ ሁለቱም እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ ጨርቁ ጠቁሯል። ውስጥ እግራቸውን ተገርፈዋል። እነዚያ ማተሚያ ሲረግጡ የዋሉ እግሮች መሬት መንካት አቅቷቸው በጎናቸው ይንፏቀቃሉ። እሑድና ሰኞ ዳምጤ ሲያሰላ የሰነበተው በእነዚህ እግሮች ላይ ነበር።

አንዱ ወታደር ውሃ በጣሳ አቀበላቸው። አባቦራ በእጃቸው መለሱት። “ሰዓቱ አልደረሰም” አሉ፤ ድምፃቸው ሻክሯል። ቀና ብለው ዳምጤን አዩት፣ በእጁ የያዘውንም እንጨት አዩ።

ዳምጤ ሦስቱን ባዶዎች ከየቦታቸው መለሰ። አባቦራ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እንደልማዳቸው በሽብልቁ ዙሪያውን መቱና ቆለፉ። ክፈፉ ማተሚያዋ ላይ ተጫነ። አባቦራ ወደ መርገጫው ሊጠጉ ወንበሩን ተደግፈው ተነሡና ቀኝ እግራቸውን አሳረፉ። ወዲያው ፊታቸው አመድ መሰለ።

“እኔ ልርገጥ” አለ ዳምጤ።

ረገጠ። ወረቀት ያስገባል፣ ማተሚያዋ ትገጠማለች፣ ትከፈታለች፤ ጓድ ታመነ ወረቀቱን አውጥቶ ወደ መስኮቱ ያቀናል።

“አንድ። ንጹሕ።”

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ዳምጤ ንጹሕ ወረቀት ሲወጣ ደስ ሳይለው የቀረው ያን ቀን ብቻ ነው።

“አሥር። ንጹሕ።”

እንጨቶቹ ደርቀዋል፣ ላልተዋል፣ ያውቃል። ነገር ግን ቅዳሜ ስንተኛው ላይ እንደወጡ አያውቅም። በሃምሳኛው ከሆነስ? በመቶኛው? ክፈፉ የተቆለፈው አሁን ነው፤ ፊደሎቹ ተጨናንቀው ይዘዋቸው ይሆናል። ሽብልቁን በጉልበቱ ትንሽ ገፋ ቢያደርገው ክፈፉ ይላላል፤ ማንም አያይም። ይህም ሐሳብ መጣበት፤ አልዋሽም፣ መጣበት። ከዚያ የአባቦራ ዓይን ከጎኑ ተሰማውና ተወው።

“ሃያ። ንጹሕ። ሃያ አምስት። ንጹሕ።” ካድሬው የሚቆጥርበት ድምፅ እየቀነሰ ሄደ። በሩ ላይ ያሉት ወታደሮች ማውራት አቆሙ። የዳምጤ ላብ ከአገጩ ላይ ይንጠባጠባል። ፈጠን አድርጎ ረገጠ። ማተሚያዋ ከወለሉ ጋር ተንቀጠቀጠች።

“ሠላሳ። ንጹሕ።”

“ጌታ ሆይ፣ አበላሽልኝ” አለ ዳምጤ በሆዱ። ከእሑድ ወዲህ እስከ መጨረሻው የወጣለት ጸሎት ይኸው ነው።

“ሠላሳ ሦስት። ን…” ጓድ ታመነ አቋረጠ። ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። “ሀገር” ከሚለው ቃል ቀጥሎ ፀጉር የምታህል ጥቁር መስመር ነበረች። ሠላሳ አራተኛው ላይ ወፍራም ክር ሆነች። ሠላሳ ስድስተኛው ላይ ሁለተኛው መጣ። ሠላሳ ዘጠነኛው ላይ ሦስቱም ምሰሶዎች ቆሙ፤ ሰፊ፣ ቀጥ ያሉ፣ ልክ ግንቡ ላይ እንዳሉት። አርባኛውን ማንም አላነሣውም።

ጓድ ታመነ ቁጭ አለ። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አኖረና፣ “እንጨት” አለ፤ “ይህ ሁሉ ለእንጨት ነው እንግዲህ።” የአባቦራን እግር አላየም፤ ላለማየት ተጠንቅቆ ነው። “ሽማግሌው ቤቱ ይሂድ” አለ ለወታደሮቹ። “ይኼኛው ይቆያል። ሪፖርቱ ስም ይፈልጋል።”

አባቦራ በዒዱ ዋዜማ ቤታቸው ገቡ። ዳምጤ “የሕዝብ ንብረት በቸልተኝነት በማበላሸትና ማስረጃ በመደበቅ” ተብሎ አሥራ አራት ወር ታሰረ። የዚያን ጊዜ ሰው ሲሰማ “በአሥራ አራት ወር ብቻ ወጣ?” ይላል፤ እውነት ነው፣ ዕድለኛ ነው። ልያ ልብስ እያጠበች ልጆቹን አስተዳደረች።

ጠያቂ የተፈቀደ ዕለት፣ በኅዳር መጀመሪያ፣ አባቦራ መጡ። ዳምጤ ሲያያቸው ከአግዳሚው ተነሣ። በሁለት ዱላ ነው የሚሄዱት። ከጎኑ ቀስ ብለው ተቀመጡና ጤንነቱን ጠየቁት፣ ልጆቹ ደህና መሆናቸውን ነገሩት። ዳምጤ ግን ደግነታቸውን መቀበል አልቻለም።

“አባቦራ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። እሑድ ጠዋት ነው ያወቅሁት። እንጨቶቹን ነቅዬ ኪሴ ከተትኳቸው። ዘይቡ ስትጠይቀኝ ዋሸኋት። እርስዎን ሲገርፉዎት እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ዝም ብያለሁ።”

አባቦራ ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

“እርጥብ መሆናቸውን ዓርብ ስቆልፍ ጣቴ ነግሮኛል” አሉ። “ሽብልቁን ስመታው ድምፁ የደረቀ እንጨት ድምፅ አልነበረም። ቸኩለን ነበር፤ ተውኩት።”

ዳምጤ አልገባውም መጀመሪያ። ከዚያ ገባው፤ ፊቱ ተለወጠ።

“ያውቁ ነበር? እዚያ ውስጥ እያሉ… የእኔ እንጨት እንደሆነ?”

“ኤዬ፣ አውቅ ነበር። ሌላ ማን ባዶ ይሞርዳል ጅማ ውስጥ?”

“ታዲያ አንድ ቃል ቢነግሯቸው! ‘ዳምጤ ነው’ ቢሏቸው እኮ እግርዎን…”

“ጠየቁኝ። ‘ማን ነው አብሮህ ያለው?’ አሉኝ፣ ስንት ጊዜ። የቆለፍኩት እኔ ነኝ አልኳቸው፤ ሐሰትም አይደለም። አንተን ብጠራ ጴንጤ ነህ፣ አይመልሱህም።” ድምፃቸውን ቀነሱ። “ማሎ፣ እባክህ፣ ዳምጤ፣ አታልቅስ። አንተ በሦስተኛው ቀን መጣህ። ባትመጣም ኖሮ ስምህን አልሰጣቸውም ነበር፤ አንተ ግን ይህን ሳታውቅ መጣህ፣ ስለዚህ መምጣትህ የራስህ ነው።”

ዘበኛው ሰዓት አልቋል ብሎ ጮኸ። አባቦራ በዱላዎቻቸው ተነሡ፣ እጃቸውን ዳምጤ ራስ ላይ አንድ ጊዜ አሳረፉና ዞሩ። ከአግዳሚው እስከ በሩ ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ ሦስት ጊዜ ቆመው አረፉ።